ትልቁ ሌንስ ምን ያደርግልሃል?

ፎቶ ማንሳት የጀመሩ ልጆች ባገኙኝ ቁጥር ስለዚያ ሌንስ ይጠይቁኛል። ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ ነው ጥያቄያቸው። ይቅርብህ እላቸዋለሁ፤ አይሰሙኝም። ዓይን የወደደውን ጆሮ አያስጥለውም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ሁሉንም ልናገርና ልገላገል።

ሌንሱ ወፍራምና ነጭ ነው። የፊቱ መስታወት የሾርባ ሳህን ያክላል። እያዞርክ ታቀርባለህ፣ ታርቃለህ፤ ብርሃን ሲያንስ ሌሎች ሌንሶች ዓይናቸውን ሲጨፍኑ እሱ ያያል። ሰው ስታነሳበት ከጀርባው ያለው ሁሉ ሟሙቶ ይጠፋና ሰውየው ብቻውን ጎልቶ ይወጣል። ለዚህ ነው ፎቶ አንሺ ሁሉ የሚጎመጅለት። ጥቅሙ ይኸው ነው። ጉዳቱን እንቁጠር ካልን ግን ይመሽብናል። ከነካሜራው ሲይዙት አራስ ልጅ ያህላል፤ ልዩነቱ አራስ ልጅ አድጎ በእግሩ ይሄዳል።

እኔ ዘንድ የመጣው ፈልጌው አይደለም። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ ካይሮ በገባሁ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ ናስር ሲቲ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ፊልም አጥብ ነበር። ወፍ እያሳደደ የሚያነሳ አንድ ፈረንጅ ፊልሙን እኛ ዘንድ ያሳጥብ ነበርና በዕረፍት ቀኔ ዕቃ ተሸካሚው አደረገኝ። አንድ ማለዳ ሐይቅ ዳር ሌንሱን ሊያነሳ ጎንበስ እንዳለ ወገቡ ቆልፎ ያዘው፤ ቀና ማለት አቅቶት እንደጎበጠ መኪና ውስጥ አስገባሁት። ወደ አገሩ ሲመለስ ሐኪሙ ከባድ ነገር እንዳያነሳ ከልክሎታል። የኔን ወገብ በልቶ ጨርሷል፣ ያንተን ገና አልቀመሰውም ብሎ ሌንሱን ትቶልኝ ሄደ። ያን ጊዜ ስቄ ነበር።

የኛ ሰዎች ሰርግ ሲኖር ይዤው እሄድ ጀመር። ካይሮ የኛ ሰርግ አዳራሽ የሚባለው የአንድ ሰው ሳሎን ነው። ሙሽራዋን ከነሚዜዎቿ በአንድ ፎቶ ላስገባ ብል ከሳሎኑ ወጥቼ፣ ደረጃውን ወርጄ፣ አስፋልቱን ተሻግሬ መቆም ነበረብኝ። ሌንሱ የሚያውቀው ሩቁን ብቻ ነው፤ አጠገቡ የቆመ ሰው አይታየውም፣ እንደ አንዳንድ ባለሥልጣን። የኛ ሰው ደግሞ ፎቶ ሲነሳ አንሺው አጠገቡ ሆኖ አንገትህን ቀና፣ ነጠላሽን አስተካክይ እንዲለው ይፈልጋል። እኔ ከዚያ ማዶ ሆኜ እጄን ሳወናጭፍ የሚያዩኝ ሰዎች ትራፊክ ፖሊስ እየመሰልኳቸው ይስቁ ነበር።

ፖሊስ ካልን፣ ካይሮ ውስጥ ትልቅ ሌንስ የያዘ ሰው ወይ ጋዜጠኛ ነው ወይ ሰላይ። በስደተኛ ወረቀት ለሚኖር ሰው ሁለቱም አያዋጡም። አንድ ቀን ድልድይ ላይ አንዱ አስቆመኝና ምን ታነሳለህ አለኝ። ወፍ አልኩት። ቀና ብሎ ሰማዩን አየ፤ እኔም አየሁ። ያን ዕለት ወፍ የሚባል ፍጡር ከካይሮ ሰማይ ጠፍቷል። ማሌሽ፣ ይቅርታ እያልኩ ፊልሙን አውጥቼ ሰጠሁትና ነፍሴን አተረፍኩ። ሌንሱም ከዚያ በኋላ፣ ሀረም በሚባለው ሰፈር የተከራየኋት ክፍል ውስጥ፣ አልጋ ሥር ገባ።

ከአልጋ ሥር ያስወጣችው አንዲት ሴት ናት። እዚያው ሀረም ከሌሎች ሴቶች ጋር ቤት ተከራይታ የምትኖር፣ ቀን ቀን የሰው ቤት የምታጸዳ፣ አገር ቤት የምትልከውን ፎቶ እኛ ዘንድ የምትነሳ ደንበኛ ነበረች። ታናሽ እህቷን ካይሮ ያስመጣቻት እሷ ናት። ታናሽየዋ ኒው ካይሮ አንድ ቪላ ውስጥ ለሥራ ገባች፤ ከገባች ወዲህ አልወጣችም። ፓስፖርቷ አሠሪዋ ዘንድ ነው። ስልክ የላትም። የዕረፍት ቀን፣ ያዕኒ፣ ማለቴ፣ ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር ነው። ታላቂቱ በሩ ድረስ ሄዳ ነበር፤ ዘበኛው ማንን ፈለግሽ እንኳ ሳይል መለሳት። ስለ እህቷ የምትሰማው ከጎረቤት ቪላ ከምትሠራ ሌላ ሐበሻ ነው። እሷ ዓርብ ዓርብ ትወጣለች፤ በሌላው ቀን ሁለቱ ልጆች ጣራ ላይ ልብስ ሲያሰጡ ከግንብ ወዲያና ወዲህ ሆነው ያወራሉ።

አገር ቤት ያሉት እናታቸው ግን ወሬ ደርሷቸዋል። ከዐረብ አገር የተመለሰች አንዲት ልጅ ልጅዎት ከፎቅ ወድቃለች ብላ አስወርታለች። የወደቀችው ሌላ ትሁን እሷ፣ ማን ያጣራል? ታላቂቱ በስልክ ደህና ናት ብትል፣ ብትምል፣ ብትገዘት እናትየው አላመኑም። እውነታቸውን ነው። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ በስልክ የሚነገረው ደህና ነው ተብሎ ነው። ትንሽ አሞታል ይባላል፣ ተሽሎታል ይባላል፣ ከዚያ አንድ ማለዳ ሽማግሌዎች ተሰብስበው በር ያንኳኳሉ። ስለዚህ ደህና ናት በተባሉ ቁጥር እናትየው ይብስ ይሠጋሉ። እህል ትተዋል። ልጄን በዓይኔ ካላሳያችሁኝ ድንኳን አስተክላለሁ፣ ሐዘኔን እቀመጣለሁ ብለዋል።

"ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ፣ ጋሼ፤" አለችኝ ታላቂቱ። ልጅቷ ጣራ ላይ አለች፤ ማሳየት ግን አልተቻለም። በቁሟ ድንኳን ሊተከልባት ነው።

ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ጣራ ላይ ከወጣችማ አነሳታለሁ አልኩ፣ አፌን ሞልቼ።

ያኔ ኒው ካይሮ ግማሹ ቪላ፣ ግማሹ አሸዋና ብረት ነበር። ከልጅቷ ቪላ ፊት ለፊት፣ ከሰፊው መንገድና ከአንድ ባዶ መሬት ማዶ፣ መስኮት ያልገባላቸው ጅምር ቤቶች ቆመዋል። ዓርብ ከሰዓት አሠሪዎቿ በሩን ቆልፈውባት ዘመድ ጥየቃ ይሄዳሉ። በጎረቤቷ በኩል፣ ዓርብ ከዐስር ሶላት በኋላ ጣራ ላይ ውጪና ወደ ጅምሩ ቤት ዞረሽ ቁሚ የሚል መልእክት ተላከላት።

ችግሩ ማጓጓዙ ነው። ከሀረም እስከዚያ ድረስ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር በማይክሮባስ አቋርጦ፣ ያን የሚያህል ነጭ ቧንቧ ይዞ፣ ያውም በየመንገዱ ፍተሻ እያለ! ዘዴውን ያመጣችው እሷ ናት። ሌንሱን በሕፃን ብርድ ልብስ ጠቀለለችና አቀፈችው። ማይክሮባስ ስንገባ ቦታ ተለቀቀልን፤ በዚያ ከተማ ቦታ ሲለቀቅልኝ የመጀመሪያዬ ነበር። አጠገቧ የተቀመጠች ግብፃዊት ፊቱን አሳዪኝ አለቻት። ተኝቷል ብላ ይብስ ሸፈነችው። ሴትዮዋ በብርድ ልብሱ ላይ ቸብ ቸብ አደረገችውና ማሻላህ፣ ጠንካራ ልጅ ነው፣ አላህ ያሳድገው ብላ መረቀችው። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ።

የጅምሩ ቤት ዘበኛ ከላይኛው ግብፅ የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። መዋሸት ሰለቸንና እውነቱን ነገርናቸው። እናቷ በፎቶ ሊያዩዋት ነው ስንላቸው ደረጃውን በከዘራቸው አመለከቱን።

ላይ ወጥተን ሌንሱን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያው ላይ አሰርኩት፤ ከኋላው ርቀቱን እጥፍ የሚያቀርብ ትንሽ ተጨማሪ መስታወት ገጠምኩ። በባዶ ዓይን ሲታይ ማዶ ያለው ጣራ ላይ የተሰቀለ ልብስና ነጠብጣብ የምታክል ነገር ነው ያለው። በሌንሱ ሳይ ልጅቷ ናት። ወይ ጉድ! የሥራ ልብሷን ለብሳ ልብስ የምታሰጣ መስላ ትወጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላ ደርባ፣ ፀጉሯን ተሠርታ ነው የወጣችው። እኛ ሰዎች ለፎቶ እንዲሁ አንቆምም። ግን የቆመችው ለሌላ ቤት ነበር። ጅምር ቤት ሦስት አራት ስላለ የቱ እንደሆነ አላወቀችም፤ ባዶ ሕንፃ ፊት አንገቷን ቀና አድርጋ፣ እጆቿን ግራና ቀኝ ሰድራ ቀጥ ብላለች። እህቷ ሻሿን ፈትታ እስክታውለበልብላት ድረስ አልዞረችም።

ልያት አለችኝ ታላቂቱ፤ ቦታ ለቀቅኩላት። ዓይኗን ካሜራው ላይ አደረገች። ከዚያ እጇን ወደፊት ዘረጋች። በእርግጥ ልትነካት ነው የዘረጋችው። ግን የያዘችው ሌንሱን ነው፤ መስታወቱን በመዳፏ ሸፈነችውና ጠፋችብኝ ብላ ደነገጠች። እጅሽን አንሺ አልኳት። ሌንሱን ከያዝኩ ጀምሮ ብዙ ሰው አሳይቻለሁ፤ ሁሉም እጁን ይዘረጋል፣ እሷ ብቻ አይደለችም።

ፎቶው ግሩም ወጣ። የጣራው ግንብ እስከ ወገቧ ይሸፍናታል፤ ከወገቧ በላይ ግን ሽፋሽፍቷ እንኳ ይቆጠራል። ከጀርባዋ ያለው የውሃ ታንከርና የሳተላይት ሳህን ሁሉ ሟሙቶ ጠፍቷል። ኮራሁ። በትልቅ መጠን አጥቤ ወደ አገር ቤት በሚሄድ ሰው እጅ ላክነው።

ከጊዜ በኋላ ታላቂቱ ፎቶ ቤት መጣች። ፊቷን ሳይ ነገር እንደተበላሸ ገባኝ። እናትየው ፎቶውን አይተው ደረታቸውን ደቅተዋል። ጉርድ ፎቶ ለመታወቂያ ነው፣ አለዚያም ሬሳ ሣጥን ላይ ለመለጠፍ ነው ብለዋል። ከወገቧ በታች ለምን ደበቃችሁኝ? ነጭ በነጭ ለብሳለች፤ አልሳቀችም፤ ከኋላዋ ቤት የለ፣ ዛፍ የለ፣ ጭጋግ ብቻ ነው፤ ይቺ በዚህ ዓለም ያለች ልጅ ናት ወይ ብለዋል። እኔ የኮራሁበት ነገር ሁሉ፣ አንድ ሳይቀር፣ ለእሳቸው የሞት ማስረጃ ሆኗል።

ታላቂቱ ያኔ ነው የቀረውን የነገረችኝ። ወሬው ከፎቅ ወደቀች ብቻ አልነበረም፤ ሁለት እግሯ ተቆርጧል የሚል ነበረበት። ይህን ፊት ብትነግሪኝ ምን ነበረበት ብዬ ጮህኩባት።

"ክፉ ነገር በአፍ ይጠራል እንዴ፣ ጋሼ?" አለችኝ።

እናቴም ብትሆን እንደዚያው ነበር የምትለው። ንዴቴን ዋጥኩና ኸላስ፣ በቃ፣ እንደገና እንሄዳለን፣ እግሯ እንዲታይ ከፍ ያለ ነገር ላይ ትቁም በሏት አልኩ። ያልኩት እኔ ነኝ። ምን ላይ እንደምትቆም አላሰብኩም።

ብርድ ልብሱ እንደገና ወጣ፣ ማይክሮባሱም፣ ሽማግሌውም። ልጅቷ አሁን በትክክል ወደኛ ዞራ ወጣች። ያንኑ ነጭ ቀሚስ ለብሳለች፤ ባለ ተረከዝ ጫማ ጨምራበታለች። ጣራው ላይ ከፍ ያለ ነገር የውሃ ታንከሩ የተቀመጠበት የሲሚንቶ መደብ ብቻ ነበር፣ እሱም ጣራው ጠርዝ ላይ ነው። በዚያ ጫማ ልትወጣበት አንድ እግሯን አነሳች። ነፋስ ነበር። ነጠላዋ ፊቷ ላይ ተጠመጠመባት። በሌንሱ ውስጥ ሁሉም አፍንጫዬ ሥር ነው፤ ተረከዟ ሲሚንቶው ላይ ሲንሸራተት አየሁ፣ ታንከሩን ለመያዝ የዘረጋችው እጇ አየር ሲጨብጥ አየሁ። ከግንቡ ወዲያ አስፋልት ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ያን ወሬ እኔ ራሴ እውነት ላደርገው ነው፣ ያውም በፎቶ።

"ትውረድ፣ በላት!" አለችኝ ታላቂቱ አጠገቤ ሆና። እሷ የምታየው ነጠብጣብ ብቻ ነው፣ ግን ነጠብጣቡ ሲወዛወዝ ታውቋታል።

በምን ልበላት? ሌንሱ ያቀርባል እንጂ አያሰማም። ብጮህ ነፋሱ ይወስደዋል፤ ቢደርሳትም ትደነግጣለች። ዓይኔን እዚያው ተክዬ ቀረሁ።

ልጅቷ ቆመች፤ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች። ጎንበስ ብላ ጫማዎቿን አወለቀችና መደቡ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። ከዚያ በባዶ እግሯ፣ ታንከሩን በአንድ እጇ ይዛ፣ ወጣች። ቀሚሷን በሌላው እጇ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ሰብሰብ አደረገችው። ከሁላችን ይልቅ እናቷን የምታውቀው እሷ ናት። ጫማ ውስጥ ምን እንዳለ ማን ያያል? ጣቶቿ ግን ዐሥሩም ሲሚንቶው ላይ ተዘርግተዋል።

እኔም በዚህ በኩል የምችለውን አደረግኩ። ሰው ለዚህ ሌንስ የሚጎመጅበትን ነገር በሙሉ አጠፋሁት። የብርሃን መግቢያውን አጠበብኩና ከጀርባዋ ያለው ሁሉ፣ ታንከሩ፣ የታጠበው ልብስ፣ ገመዱ፣ የጎረቤት ጣራ፣ ቁልጭ ብሎ እንዲወጣ አደረግኩ። ልጅቷ በዚህ ዓለም፣ የሰው ቤት ላይ መቆሟ እንዲታይ። እንዲህ ሲሆን ግን ካሜራው ዓይኑን ረዘም ላለ ጊዜ መክፈት አለበት፤ የሚነሳው ሰው ቅንጣት ከተነቃነቀ ይበላሻል። የኛ ሰው ፎቶ ፊት እንደ ምሰሶ መገተሩ የጠቀመኝ ያን ዕለት ነው። ነፋሱ ነጠላዋን አወዛወዘው፤ እሷ ግን አልተነቃነቀችም። ጥቂት አነሳሁና እጄን አውለበለብኩ። ወረደች። ጫማዎቿን በእጇ ይዛ፣ አንድ ጊዜ ወደኛ ዞር ብላ፣ ገባች። ታላቂቱ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠች፤ እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ፎቶው ሲታጠብ ነጠላዋ ጫፉ ላይ ትንሽ ደብዝዟል፤ ሌላው ሁሉ ቀጥ ያለ ነው። በሥነ ጥበብ ዓይን ከመጀመሪያው ጋር አይወዳደርም። ጣራ ላይ በባዶ እግሯ የቆመች ሴት፣ ከጀርባዋ የሰው አንሶላ። እሱኑ ላክነው።

መድረሱን ስንሰማ ታላቂቱ ለእናቷ ልትደውል ሀረም ሰንትራል ሄደች፤ ሰንትራል የሚባለው ተራ ጠብቀህ የምትደውልበት የስልክ ቤት ነው። እኔንም አብረኸኝ ሂድ አለችኝ። ጠባቧ ክፍል ውስጥ ሁለታችን ተጣበን ቆምን። ታላቂቱ አዎ እማ፣ አዎ እማ ስትል ቆየችና ስልኩን ሰጠችኝ። አንሺውን አገናኚኝ ብለዋታል።

ድምፃቸው ቀጭንና ጠንቃቃ ነበር። መረቁኝ፣ አመሰገኑኝ። ግን አላለቀሱም፣ እሰይም አላሉም፤ እንደ ዳኛ ነበር የሚጠይቁኝ። ፎቶውን ደጋግመው እንዳዩት ነገሩኝ። ጣቶቿን ቆጥረዋል። ዘመናዊ ሰው በፎቶ የማይሠራው ነገር የለም ይላሉ፣ እግርም ይቀጥላል ይላሉ፣ እኔ ምኑን አውቄው አሉኝ። ደግሞም አጠገቧ ሆኜ እንዳነሳኋት ነው የገባቸው። የግንባሯ ላብ እስኪታይ የቀረበ ሰው መንገድና ባዶ መሬት ማዶ ነበር ብዬ በስልክ እንዴት ላስረዳቸው? ስለ ሌንሱ ጀመርኩ፤ እማማ፣ ይህ መሣሪያ የሩቁን ሲያቀርብ አልኩ። አላስጨረሱኝም።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ልጄ። ስትጨብጣት እጇ ይቀዘቅዛል ወይስ ይሞቃል?"

ታላቂቱን ቀና ብዬ አየኋት። የእናቷ ድምፅ ከስልኩ አምልጦ ደርሷታል። ከንፈሯን ነክሳ፣ የራሷን እጅ አንስታ ጉንጬ ላይ አደረገችው። በረዶ ነው፤ የእህቷም እጅ ከልጅነት እንደዚሁ መሆኑ ገባኝ።

"ይቀዘቅዛል፣ እማማ፤" አልኩ።

"እንግዲያ እሷው ናት፤" አሉ። ከዚያ በኋላ ነው ማልቀስ የጀመሩት።